መድኃኒትና ጥላው

በአማርኛ «መድኃኒት» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሚያድን፣ የሚጠግን፣ ከሞት አፋፍ የሚመልስ ነው። ሁለተኛው በቂመኛ እጅ በጠጅ ብርሌ ውስጥ የሚጨመር፣ አካልን የሚያመነምንና ልቡናን የሚሰውር ነው። «መድኃኒት ተገኘለት» ሲባል እልል ይባላል፤ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ደረት ይመታል። ቃሉ ግን ያው አንድ ቃል ነው። የአይጡ መርዝ እንኳ በገበያ የሚጠራው «የአይጥ መድኃኒት» ተብሎ ነው። ይህን የቋንቋ ድህነት አድርጎ የሚቆጥር ቢኖር ይሳሳታል። ወደ ሰው አካል ገብቶ አንዱን የሚያቀና ኃይል ሌላውን ሳይነካ እንደማይወጣ ለብዙ ዘመን ያስተዋለ ሕዝብ ያስተዋለውን በቃሉ ውስጥ አኑሮታል።

የዘመኑ ሕክምና ይህንኑ ነገር «የጎንዮሽ ጉዳት» ይለዋል። ስያሜው ጥቂት ያታልላል። «ጎን» ሲባል ከመንገዱ ዳር የቆመ፣ ዋናውን ጉዳይ የማይመለከት ይመስላል። ክኒኑን በየማታው ለሚውጠው ሰው ግን ዋናና ጎን የሚባል ክፍልፋይ የለም፤ ሁሉም የሚደርሰው በዚያው በአንዱ ሰውነቱ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ኑሮ በቅርብ የተመለከተ ይህንን አይስተውም።

ዓለም ከተማ የመርሐቤቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ሙከ ጡሪ ላይ ከጎጃሙ አውራ ጎዳና ተነጥሎ፣ በለሚ በኩል አልፎ፣ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ዳገቱን ይያያዘዋል። ከሸለቆው ማዶ የመንዝና የግሼ ብርዳም ደጋ ተዘርግቷል። አገሩ ለዓይን ውብ ነው፤ በድንገት ለሚወድቅ ሰው ግን ጨካኝ ነው። የፍየሏ መንገድ የሚያልፈው በገደል አፋፍ ነው። ውኃው የሚቀዳው ከተንሸራታች ድንጋይ ሥር ነው። በቤት ውስጥ ምድጃው በወለሉ ላይ ክፍት ሆኖ ይነድዳል። በሜዳ ወድቆ የሚነሣ ሰው እዚህ ወድቆ ላይነሣ ይችላል።

በዚህ ላይ የልማድ ሸክም ይጨመራል። ሕመሙ «ባርያ ጣለው» ወይም «ጋኔን ያዘው» ሲባል ኖሯል። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል፤ ከአፉ የወጣው አረፋ ግን ሕመሙን ያጋባል ተብሎ ስለሚፈራ እጅ ወደ እርሱ አይዘረጋም። እሳት ላይ የወደቀውን ለማውጣት የሚያመነታው ጎረቤት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የፍርሃቱ ምርኮኛ ሆኖ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር አካሂደው በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ከሺህ ሰዎች መካከል 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ከእነርሱም መካከል ተገቢውን ክኒን ያገኙ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። የብዙዎቹ ሕክምና ጠበል፣ ሥራ ሥርና ክታብ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያዎች ሕሙማንን ተከታትለው ማከም እንደሚችሉ በተግባር ታይቷል። የአብዛኞቹ ሕሙማን ክኒንም ፌኖባርቢታል የምትባለው ትንሽ ክኒን ናት። በማታ አንድ ጊዜ ትዋጣለች፤ ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች። በአግባቡ የተወሰደች እንደሆነ የብዙውን ሰው መውደቅ ታቆማለች ወይም ታሳንሳለች። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ድል አይደለም። ከገደል የተረፈ እረኛ፣ ከምድጃ የተረፈች እናት የዚህች ክኒን ምስክሮች ናቸው።

የክኒኗን ታሪክ ማወቅ ግን ጠባይዋን ለማወቅ ይረዳል። ፌኖባርቢታል መጀመሪያ ወደ ገበያ የወጣችው ሉሚናል በሚል ስም ለማስተኛና ለማረጋጊያ ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ሐውፕትማን የተባለ ወጣት ሐኪም የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን እንዲረጋጉ ሰጣቸው። ሕሙማኑ መረጋጋት ብቻ ሳይሆን መውደቃቸውም ቀነሰ። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ዋና የሚባለው ፈውስ ያን ጊዜ ከጎን የታየ ነገር ነበር፤ ዛሬ የጎንዮሽ የሚባለው እንቅልፍ ያን ጊዜ ዋናው የክኒኗ ሥራ ነበር። ወንበራቸውን ተለዋወጡ እንጂ ከቤት የወጣ የለም። ስለዚህ ክኒኗ ለምን ታስተኛለች ብሎ መደነቅ አይገባም፤ የተወለደችው ለዚሁ ነው።

አሁን አንድ ልጅ ለአብነት ይወሰድ። ይህ ልጅ የአንድ ቤት ልጅ ብቻ አይደለም፤ በመርሐቤቴም፣ በመንዝም፣ በሌላውም የሀገሪቱ ገጠር ብዙ አምሳያ አለው። ዕድሜው 12 ዓመት ሲሆን 5ኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ የወደቀው ከብት ሲጠብቅ ነው። ጠበል ተወሰደ፤ ክታብ ታሰረለት፤ በመጨረሻም ከጤና ጣቢያ ክኒኗ ተሰጠችው። ወር አለፈ፤ ልጁ አልወደቀም። እናቱ ስለቷን አስገባች።

ይሁንና ቀድሞ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ተጀምሯል። ልጁ በክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። «ሌሊቱን ምን ስትሠራ አድረህ ነው?» ይላል አስተማሪው፤ ክፍሉ ይስቃል። በቃሉ ያንበለብለው የነበረውን የማባዣ ሰንጠረዥ አሁን የጠፋበትን ዕቃ በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ይፈልገዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ልጅ ነው፤ ታናሽ እኅቱን ይመታል፤ በትንሹ ይቆጣል። በልጆች ዘንድ ክኒኗ ማፍዘዝ ብቻ ሳይሆን መቅበጥበጥና ብስጭትም ታመጣለች፤ አንዱን ታስተኛለች፣ ሌላውን እረፍት ትነሣለች። ይህንን ግን ለእናትየዋ የነገራት የለም። ጎረቤት መጣችና ያቺኑ ሁለት ፊት ያላትን ቃል ተናገረች፦ «መድኃኒት ነው እኮ ያፈዘዘው።»

አንድ ማታ እናትየዋ ክኒኗን ከለከለችው። የእናት ውሳኔ ነበር፤ በዓይኗ ያየችውን ይዛ የወሰነችው ውሳኔ። ፌኖባርቢታል ከሰውነት የምትወጣው በዝግታ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእናትየዋ የምሥራች ነበሩ። የልጁ ዓይን በራ፤ ሳቁ ተመለሰ። «ልጄን መለሰልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ግን ለወራት በክኒኗ ታፍኖ የኖረው ሕመም ሙሉ ኃይሉን ይዞ ተነሣ። ልጁ ወደቀ፤ ሳይነቃ ደግሞ ያዘው፤ ያኛው ሳያቆም ሌላ ተከተለ። ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘለቀ ወይም ነፍስ ሳያውቁ የሚደጋገም መንፈራገጥ አንጎልንም ሕይወትንም የሚያጠፋ አጣዳፊ አደጋ ነው። መንደርተኛው ቃሬዛ አበጅቶ በፈረቃ እየተሸከመ ዳገቱን ወጣ። በእንዲህ ያለ ቃሬዛ ላይ የተኛ ልጅ አንዱ ይደርሳል፤ አንዱ አይደርስም።

እንግዲህ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ልጁን ለዚህ ያበቃው የክኒኗ ጥላ ብቻውን አልነበረም። እንቅልፉም ሆነ ብስጭቱ መጠኑ ተስተካክሎ ወይም ክኒኗ ቀስ በቀስ በሌላ ተተክታ ሊቀል የሚችል ነበር፤ ብዙ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ እንቅልፉን ይላመደዋል። ልጁን የጎዳው ጥላው አስቀድሞ በስሙ አለመጠራቱ ነው። ያልተነገረ ጉዳት ሲመጣ ስሙን የሚያወጣለት ፍርሃት ነው፤ ፍርሃትም ያወጣለት ስም «አፍዝዝ» ሆነ።

ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ንግግር ብዙ ነገር በለወጠ ነበር። በደንብ የሠለጠነች ነርስ ከአንዲት የገጠር እናት ጋር የምታደርገው ንግግር እንዲህ ያለ ነው።

«እማማ፣ ይህ ክኒን በመጀመሪያው ሰሞን ያስተኛዋል፤ ትምህርቱም ይከብደው ይሆናል።»

«እንቅልፉስ ምን ገዶኝ፣ ይተኛ።»

«ጠባዩም ሊለወጥ ይችላል። ከቆየና ካስቸገረዎ ግን ራስዎ አያስቁሙት፤ ይዘውት ይምጡ። የምንቀንሰውም የምንለውጠውም ቀስ ብለን እኛ ነን። በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ከፊተኛው የባሰ ይጥለዋል። ቆዳው ሽፍ ካለ ወይም አፉ ከቆሰለ ግን ቀን ሳይቆጥሩ በዚያው ዕለት ይምጡ።»

«ሳትነግሪኝ ብትቀሪ ኖሮ መድኃኒቱ ጠላው ብዬ እተወው ነበር፣ ልጄ።»

የጥንቱ የሸዋ ደገኛ ከዚህ ዓይነቱ ንግግር ጋር እንግዳ አልነበረም። ማስረጃው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የማይቀር ነበርና፣ የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦና ተበጥብጦ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣ ነበር። መራራነቱን፣ ሆድ ቁርጠቱን፣ ማቅለሽለሹን፣ ጉልበት መክዳቱን ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል። እርጉዝ ሴት እንዳትጠጣው፣ መጠኑም እንዳይበዛ ሽማግሌ ይመክራል፤ ከመጠን ያለፈ ኮሶ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመድኃኒቱ ቀን ተሰጥቶታል። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ሰውየው ከሥራም ከእንግዳም ነፃ ነው፤ ማንም ሰነፍ አይለውም፤ ማንም አይሥቅበትም። ኅብረተሰቡ የመድኃኒቱን ዋጋ አስቀድሞ ተምኖ፣ ለከፋዩ ቦታ ለቆለት ነበር።

የፌኖባርቢታል ልጅ ያጣው ይህንን ነው። ክፍል ውስጥ ሲተኛ «ክኒኑን ውጦ ነው» ብሎ የሚቆምለት የለም። የኮሶ ቀን አንድ ቀን ነው፤ የእርሱ ግን ዓመታት ነው። እንዲያውም ጥላው ከዓመት ወደ ዓመት መልኩን ይለዋውጣል። ክኒኗ ለብዙ ዘመን ስትወሰድ አጥንትን ልታሳሳ፣ ትከሻን ልታደርቅ ትችላለች። አንዳንዱን ሰው ምክንያቱ በማይታወቅ ሐዘን ትከድነዋለች፤ ያ ሰው «ልቤ ከበደኝ» ሲል ቤተሰቡ ከክኒኗ ጋር አያገናኘውም። ከአረቄ ጋር የተዋጠች እንደሆነ ደግሞ ሁለቱ ተባብረው ትንፋሽን እስከማቆም ይደርሳሉ። ለቅሶ ቤትና ማኅበር ላይ «አንድ መለኪያ ምን ትሆናለች?» እያሉ የሚያስገድዱ ወዳጆች የሚያስገድዱት በምን ላይ እንደሆነ ቢያውቁ እጃቸውን በሰበሰቡ ነበር።

ሌሎቹም መድኃኒቶች ጥላ አላቸው። ፌኒቶይን ድድን ያሳብጣል፤ በሴት ልጅ ፊት ላይ ጠጕር ሊያበቅል ይችላል። ለድዱ አንዱ መከላከያ የጥርስ ንጽሕና ነውና የገጠሩ መፋቂያ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው፤ ለፊት ጠጕር ግን ለታጨች ልጃገረድ የሚነገራት ቃል ብልኅ መሆን አለበት። ካርባማዜፒን ራስን ያዞራል፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ በገደል መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የፅንሱን አከርካሪና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች እንዳይሰጥ ይመክራል። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ኃይል ያደክማሉ። አንዲት ሴት ሁለቱን ክኒኖች ከሁለት ክፍል ተቀብላ፣ ስለ መጋጨታቸው ሳይነገራት ሳታስበው ብታረግዝ፣ ጥፋቱ የእርሷ ሊሆን አይችልም።

ፌኖባርቢታል ርካሽ ናት ሲባልም ርካሽነቱ በገንዘብ ነው፤ የቀረውን ዋጋ ሕመምተኛው በንቃቱ ይከፍላል። የበለጸጉት አገሮች ሕሙማን ከብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች መካከል የሚስማማቸውን ሲመርጡ፣ የጀማ ሸለቆ ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረችውን ክኒን ይውጣል። ይህ ልዩነት ሊታወቅና ሊያስቆጭ ይገባል። ቁጭቱ ግን ክኒኗን ወደ መጣል መምራት የለበትም፤ እስከዚያው ድረስ በእጅ ያለችው እርሷ ናት፤ የሚያድኑት ደግሞ በእጅ ባለ ነገር ነው።

ጠበልም በዚህ ጉዳይ ውስጥ ቦታ አለው። ብዙ ሕሙማን ክኒናቸውን የሚያቋርጡት ወደ ጠበል ሲሄዱ ነው። ድካምና መፍዘዙን መድኃኒቱ ከጠበሉ ጋር የሚያደርገው ትግል አድርገው ይረዱታል። እምነታቸውን በማንቋሸሽ የተመለሰ አንድም ሕመምተኛ የለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና እንደማይጣሉ ለሕዝብ አስታውቀው ነበር። ያ ቃል ለሚጥል በሽታም ይሠራል። በማታ የምትዋጥ ክኒን ጾም አትሽርም፤ ጠበልተኛውም ክኒኑን በከረጢቱ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ያለ እንቅልፍ መቆም ግን ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ መምህሩ ቢያውቅ፣ ልጁን «ተኛ» ብሎ ያሰናብተው ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የመድኃኒቱን ጥላ የደበቀስ? ሕመምተኛው ሕመሙን እንዲገልጽ የሚጠየቅ ከሆነ፣ መድኃኒት ሰጪውም የመድኃኒቱን ገመና ሊገልጽ ይገባዋል። አንዳንዱ ባለሙያ «ብነግራቸው ይፈሩና ይተዉታል» ይላል። የልጁ ነገር የሚያስተምረው ግን ሰው የሚተወው የተነገረውን ሳይሆን ያልተነገረውን መሆኑን ነው። የኮሶን ምሬት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን መጠጣቱን የተወ አልነበረም።

ይህ ሥራ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም። አስተማሪው ክፍል ውስጥ የሚተኛውን ልጅ ከመገሠጹ በፊት ጠጋ ብሎ «ክኒን ትወስዳለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያየውንም ለቤተሰቡና ለጤና ጣቢያው ቢልክ፣ መጠን የሚያስተካክለው ነርስ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አያገኝም። የአስተዳደር ኃላፊው ደግሞ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም፦ ክኒኗ ከመደርደሪያው የጠፋች ዕለት ሕመምተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳቋረጠ ይቆጠራል። እናትየዋ በፍርሃት ያደረገችውን መጋዘኑ በቸልታ ያደርገዋል፤ ውጤቱም ያው ቃሬዛ ነው። ክረምት ሳይገባ፣ ጎርፉ መንገድ ሳይቆርጥ፣ ለሸለቆው ሕሙማን የወራት ክኒን አስቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ የአንድ ስብሰባ ውሳኔ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤቱን ደጃፍ ያውቁታል፤ ክኒኗን ብቻ ሳይሆን ቃሏንም ይዘው እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል።

ጤና ለኪነ ጥበብ ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ ዓለም ከተማ መልስ አላት። በከተማዋ የሚገኘውን እናት ሆስፒታል የሠራው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ነው፤ ድርጅቱን በ1981 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ካርልሃይንዝ ቦም ደግሞ የፊልም ተዋናይ ነበር። ከመድረክ የመጣ ሰው ግንብ ማቆም ከቻለ፣ የሀገሪቱ ጸሐፌ ተውኔት ቃል ማቆም አያቅተውም። የጤና ተውኔት ልማድ ሆኖ ታማሚው ክኒኑን ሲውጥ ሙዚቃው ይነሣል፤ መጋረጃው ይዘጋል። የታማሚው እውነተኛ ድራማ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። ከክኒኑ በኋላ ያለው ማታ፣ የሚጠፋው ቃል፣ የክፍሉ ሣቅ፣ የእናትየዋ ጥርጣሬ፣ የጎረቤት ሹክሹክታ፣ ከዚያም ሳያቋርጡ ወደ ሐኪም የመመለስ ድፍረት ገና ያልተጻፈ ገቢር ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በመድረክ ላይ ለሣቅ ወይም ለጋኔን ማስወጫ ብቻ ሲቆም ኖሯል፤ ከእንቅልፉ ጋር እየታገለ የሚማር፣ የሚያርስ፣ የሚያፈቅር ሰው ሆኖ መቆም ይገባዋል።

በየጤና ጣቢያው መስኮት ሥር ክኒን የምትቀበል እጅ አለች። ያቺ እጅ ባዶዋን አትመለስም፤ ጥያቄው ከክኒኗ ጋር ምን ይዛ ትመለሳለች ነው። «ይህች ክኒን እንዲህ ታደርግሃለች፤ አትፍራ፤ አታቋርጥ፤ ከባሰብህ ተመለስ» የሚሉት ጥቂት ቃላት ክብደት የላቸውም፤ ዋጋም አይጠየቅባቸውም። የጀማን ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን ከቃሬዛ ይቀልላሉ።